ክራር በስልካችሁ፦ ፕሮግራሚንግን በአራቱ ቅኝት መጀመር

ፕሮግራሚንግ ልማር ብሎ የተነሳ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ጥቁር ስክሪን ላይ ስሙን በማስጻፍ ነው። ስሙ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ቁጥር መደመር ይመጣል። ከዚያ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር መለየት። ትንሽ ቆይቶ ላፕቶፑ ይዘጋና ወደ ፊልሙ ይኬዳል። አልፈርድበትም። በየቀኑ ስልኩ ላይ የሚነካካቸው አፖች እንዲያ አይሠሩማ።

ስለዚህ በሌላ በር እንግባ። በዚህ መመሪያ ባለአምስት ክር ክራር የሚሆን የአንድሮይድ አፕ እንሠራለን። ጣት ሲነካው ይጮኻል። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል፣ ከዚያም ወደ አንቺሆዬ ይቃኛል። መሣሪያችን አፕ ኢንቬንተር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጉግል አስተዋወቀው፤ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ይተዳደራል። ነፃ ነው። ኮዱ በጽሑፍ ሳይሆን ብሎክ ከብሎክ በማገጣጠም ስለሚሠራ ነጥብና ቅንፍ ረስቶ መበሳጨት የለም።

ክራርን የመረጥኩት ለጌጥ አይደለም። ክራር ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሚናገረው ሲነኩት ብቻ ነው። የስልክ አፕም ጠባዩ ይኸው ነው። በዚያ ላይ ከአራቱ ቅኝት የሁለቱ ስም እዚሁ ወሎ ካርታ ላይ አለ። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የሚታወቀው ከተማ ናት፤ አምባሰል ደግሞ ውጫሌ ያለችበት ወረዳ ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትጫወት እየሰማ ያደገ ጆሮ፣ አፑ አንዲት ክር ቢያዛባ ወዲያው ይነቃል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ፈታኝ ከየት ይመጣል?

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት

በተለመደው የጀማሪ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ከላይኛው መስመር ይነሳል፣ እየሠራ ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ ያበቃል። እዚህ ከላይ ወደ ታች የሚባል ጉዞ የለም። አፑ ይከፈታል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ተጠቃሚው በተን ሲነካ፣ ከዝርዝር ሲመርጥ ወይም ስልኩን ሲነቀንቅ ኢቨንት ተፈጠረ እንላለን። የእናንተ ሥራ «ይህ ሲሆን ይህን አድርግ» የሚሉ ትንንሽ ቁርጥራጮችን ማዘጋጀት ነው። የትኛው ቁራጭ ቀድሞ እንደሚሠራ የሚወስነው ተጠቃሚው ነው።

እንግዲህ ማንኛውንም እንዲህ ያለ አፕ ስትጀምሩ ሁለት ጥያቄ በወረቀት ላይ መልሱ። አፑ የሚጠብቀው ምን ምን ነገር ነው? በአንዱ ኢቨንትና በሌላው መካከልስ ምን ማስታወስ አለበት?

የመጀመሪያው ቀላል ነው። የኛ ክራር የአምስት ክር ንክኪ ይጠብቃል፣ የቅኝት ምርጫ ይጠብቃል፣ የራሱን መከፈትም ይጠብቃል። ሰው የሚሰናከለው በሁለተኛው ነው። ክር ሲነካ አፑ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ የሚያውቀው ከደቂቃዎች በፊት የተመረጠውን ቅኝት ካስታወሰ ብቻ ነው። ያ ምርጫ በሌላ ኢቨንት ውስጥ ነበር፤ ያ ኢቨንት ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ስለዚህ «አሁን ያለሁት በየትኛው ቅኝት ነው» የሚለው ነገር የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። ይቺን ጻፉ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

የሚያስፈልገው

ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ያለው ኮምፒውተር፣ አንድሮይድ ስልክ፣ ኢንተርኔት። ኮምፒውተሩ የግድ የራሳችሁ መሆን የለበትም። ሥራው የሚቀመጠው በኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ዛሬ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት የጀመራችሁትን ነገ በጓደኛ ላፕቶፕ ትቀጥላላችሁ። የሚገባው በጂሜይል ነው። ጂሜይል የሌለው ያለ አካውንት የሚገባበት መንገድም አለ፤ ያኔ የሚሰጣችሁን ኮድ ደብተር ላይ ጻፉት፣ ያለ እሱ ወደ ሥራችሁ አትመለሱም። ኢንተርኔት ቤት የምትሠሩ ከሆነ ሳይን አውት ሳታደርጉ ከወንበሩ እንዳትነሱ።

ስልኩ ላይ ከፕሌይ ስቶር «ኤምአይቲ ኤአይ2 ኮምፓኒየን» የሚባለውን አውርዱ። ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩትን እዚያው በዚያው ስልካችሁ ላይ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ስልኩና ኮምፒውተሩ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ዋይፋይ ከሌለ የስልኩን ሆትስፖት ክፈቱና ኮምፒውተሩን ከእሱ ጋር አገናኙ፤ ይበቃል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ «ኮኔክት» የሚለውን ነክታችሁ ኮምፓኒየንን ስትመርጡ ኪውአር ኮድ ይመጣል። በስልኩ ስካን አድርጉት።

መብራት ቢሄድ ብዙም አትደንግጡ። ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ሥራው በየጊዜው ራሱ ይቀመጣል። ቢሆንም በየማብቂያው «ፕሮጀክትስ» ከሚለው ሥር «ኤክስፖርት» ብላችሁ ቅጂውን ፍላሽ ላይ ያዙ። ወይም ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት፣ ያው ነው።

አስሩ ድምፆች

ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ፊት ተቀምጣችሁ ከአንድ ዶ ተነሱ። ጥቁሩንም ነጩንም ቁልፍ ሳትዘሉ ቁጠሩ። ዶ 0 ነው። ቀጥሎ ያለው ጥቁር 1፣ ሬ 2፣ ሚ 4፣ ፋ 5፣ ሶል 7፣ ላ 9፣ ሲ 11 ይሆናሉ። በዚህ ቁጥር አራቱ ቅኝቶች እንዲህ ናቸው፦

ትዝታ፦ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9
ባቲ፦ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11
አምባሰል፦ 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8
አንቺሆዬ፦ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9

ትዝታና ባቲ ማይነር የሚባል ሌላ ዓይነትም አላቸው። ለጊዜው ከላይ በተጻፈው፣ በሜጀሩ እንቆይ።

አራቱን ስትደርቧቸው የሚያስፈልጉት 10 ድምፆች ብቻ ናቸው፤ 3 እና 10 ቁጥር አይገቡም። ድምፆቹን ስልክ ላይ በሚጫን የፒያኖ አፕ መቅዳት ትችላላችሁ። ክራር የሚጫወት ሰው በአቅራቢያችሁ ካለ ደግሞ አራቱንም ቅኝት እየቃኘ አንድ አንድ ክር እንዲነካላችሁ ጠይቁት። የፒያኖው ለልምምድ ያህል ነው። ክራር ለለመደ ጆሮ ትንሽ ይደርቅበታል። የኔ ምክር፦ በፒያኖ ጀምሩ፣ አፑ መሥራቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ በእውነተኛ የክራር ድምፅ ተኩት። የፋይሎቹ ስም እስካልተቀየረ ድረስ አንድም ብሎክ መንካት አያስፈልግም።

ስትቀዱ መስኮት ዝጉ። እያንዳንዱን ድምፅ ወደ 2 ሰከንድ ያህል ቁረጡት። በተለይ መነሻው ላይ ያለውን ዝምታ እስከ መጨረሻው ቁረጡ፤ ያቺ የማትታይ ዝምታ ኋላ ላይ ክሩ ከጣታችሁ ዘግይቶ የሚጮህ ያስመስለዋል። ዋቭ በሚባለው ዓይነት ብታስቀምጡት ይመረጣል። ኤምፒ3 ራሱ ፋይሉ መነሻ ላይ ትንሽ ክፍተት ይጨምራል። ፋይሉ ይከብዳል ብላችሁ አትስጉ። በሞኖ (በአንድ ቻናል) እስከቀዳችሁ ድረስ አስሩም ተደምረው 2 ሜጋባይት አይሞሉም።

ስማቸውን ቁጥር ብቻ አድርጉት። ዶ «0»፣ ጥቁሩ «1»፣ እያለ እስከ «11»። አፕ ኢንቬንተር የፋይል ስም የሚቀበለው በላቲን ፊደልና በቁጥር ስለሆነ «ትዝታ» ብላችሁ የሰየማችሁትን ፋይል ይመልስባችኋል። ከቁጥሩ በኋላ ያለው ማለቂያ (ለምሳሌ .wav) ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። አንዱ በካፒታል፣ ሌላው በትንሹ ፊደል የተጻፈ ከሆነ ነገ ያሯሯጣችኋል።

መልኩን መሥራት

አዲስ ፕሮጀክት ክፈቱ። የፕሮጀክቱ ስም በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ያለ ክፍት ቦታ። የሚመጣላችሁ ገጽ ዲዛይነር ይባላል፤ መሐል ላይ የስልክ ምስል፣ በግራ የዕቃዎቹ ዝርዝር፣ በቀኝ የተመረጠው ዕቃ ጠባይ የሚቀየርበት ቦታ አለ።

ከ«ሌይአውት» ውስጥ አግድም መደርደሪያውን ጎትታችሁ ስልኩ ላይ አስቀምጡ። ስፋቱንም ቁመቱንም «ፊል ፓረንት» አድርጉት፤ ያለውን ቦታ በሙሉ ይይዛል። ውስጡ አምስት በተን ደርድሩ፣ እነሱንም ፊል ፓረንት። አምስት ረጃጅም ክሮች መሰሉ አይደል? ከመደርደሪያው በላይ ሊስት ፒከር የሚባለውን አስቀምጡ፤ ቅኝት የሚመረጠው በእሱ ነው።

ከዚያ የማይታዩት ይቀጥላሉ። ከ«ሚዲያ» ውስጥ «ሳውንድ» የሚለውን አምስት ጊዜ ጎትቱ። ከ«ስቶሬጅ» አንድ «ታይኒዲቢ»። እነዚህ ስክሪኑ ላይ ቦታ ስለማይዙ ከስልኩ ምስል ሥር ይሰለፋሉ። አስሩን የድምፅ ፋይሎችም «ሚዲያ» በሚለው ሳጥን በኩል ጫኑ።

አሁን ለሁሉም ስም አውጡ። ይህን እርምጃ የሚዘል ብዙ ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ የምይዘው ነው። «በተን1፣ በተን2» ብሎ የተወ ሰው ብሎኮቹ ሲበዙበት የትኛው የትኛው እንደነበር ይጠፋበታል። እዚህ ለንባብ እንዲመች በአማርኛ እጠራቸዋለሁ፦ በተኖቹ ክር1 እስከ ክር5፣ ሳውንዶቹ ድምፅ1 እስከ ድምፅ5፣ ሊስት ፒከሩ ምርጫ። እናንተ በላቲን ፊደል ጻፏቸው።

ለምርጫ ዝርዝሩን የምትሰጡት «ኤለመንትስ ፍሮም ስትሪንግ» በሚለው ቦታ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በስሞቹ መካከል የምታስገቡት የእንግሊዝኛውን ኮማ ነው። የኛን ነጠላ ሰረዝ ካስገባችሁ አፑ አራቱን ስም እንደ አንድ ረጅም ስም ያነበዋል፤ ዝርዝሩ ሲከፈት አራት ምርጫ ሳይሆን አንድ መስመር ታያላችሁ። ከኮማው በኋላ ክፍት ቦታም አትተዉ።

የመጀመሪያው ክር

ድምፅ1ን ምረጡና «ሶርስ» በሚለው ቦታ ለጊዜው 0 ቁጥር ፋይልን ስጡት። ከዚያ ከላይ በቀኝ በኩል «ብሎክስ» ወደሚለው ተሻገሩ።

በግራ ካለው ዝርዝር ክር1ን ስትነኩ ብሎኮቹ ይዘረገፋሉ። ቀለማቸውን ልብ በሉ። ሰናፍጭ የሚመስሉት ቢጫዎች ኢቨንት ናቸው፤ «ይህ ሲሆን» የሚሉት። ሐምራዊዎቹ ትእዛዝ ናቸው። አረንጓዴዎቹ ደግሞ ጠባይ ይቀይራሉ ወይም ያነባሉ። «ክር1 ክሊክ ሲደረግ» የሚለውን ቢጫ ጎትታችሁ ባዶው ሜዳ ላይ ጣሉት። ከድምፅ1 ውስጥ «ፕሌይ» የሚለውን ሐምራዊ አምጡና ሆዱ ውስጥ አስገቡት። ሲገጥም ጠቅ ይላል።

ስልካችሁን ንኩ። ጮኸ? በቃ፣ ኢቨንት ጽፋችኋል።

አሁን ትንሽ እንጫወትበት፤ ምክንያቱም ሁለት ስውር ችግሮች አሉ። አንደኛ፣ ክሩን ስትነኩት ድምፁ የሚመጣው ጣታችሁን ስታነሱ ነው። ጣታችሁን አስቀምጡና ሳታነሱ ጠብቁ፤ ዝም ይላል። «ክሊክ» ማለት ተጭኖ መልቀቅ ስለሆነ ነው። ለመዝጊያና ለማስገቢያ በተን ጥሩ ነው፣ ለክራር ግን አይሆንም። ብሎኩን ወደ መጣያው ጎትቱና በምትኩ «ተች ዳውን» የሚለውን ኢቨንት አምጡ። እሱ ጣት ባረፈበት ቅጽበት ይነሳል። ኢቨንት መምረጥ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ምን እንደሚሆን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚሆን መወሰን።

ሁለተኛ፣ ያንኑ ክር ቶሎ ቶሎ ንኩት። አንዳንዱን ንክኪ ይውጠዋል። ስልኩ ደካማ ስለሆነ አይደለም። «ሳውንድ» የሚባለው ዕቃ «ሚኒመም ኢንተርቫል» የሚል ጠባይ አለው፤ ካልነካችሁት 500 ነው። ቁጥሩ የሺኛ ሰከንድ ነው። አንዴ ከጮኸ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ሁለተኛ አልጮህም ማለቱ ነው። ዲዛይነር ላይ ተመለሱና ለአምስቱም ድምፆች 0 አድርጉት። አሁን የጭፈራውን ምት ይችለዋል።

የቀሩትን አራት ክሮች ለመሥራት ብሎኩን ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ ስሙ አጠገብ ካለችው ትንሽ ቀስት ላይ ክር1ን ወደ ክር2፣ ድምፅ1ን ወደ ድምፅ2 ቀይሩ። ገና እንደለጠፋችሁት ቀይ ምልክት ቢያሳይ አይግረማችሁ። ለአንድ ዕቃ አንድ ዓይነት ኢቨንት ሁለት ጊዜ አይፈቀድም፤ ስሙን ስትቀይሩ ቀዩ ይጠፋል።

አፑ እንዲያስታውስ ማድረግ

አሁን ወረቀቷን አውጡ። «አሁን ያለሁት በየትኛው ቅኝት ነው» የሚለው የሚቀመጥበት ቦታ ቫሪያብል ይባላል።

ብርቱካናማውን «ቫሪያብልስ» ክፈቱና «ኢኒሻላይዝ ግሎባል» የሚለውን አምጡ። ስሙን «አሁን» በሉት፣ ዋጋውን 1። 1 ማለት ትዝታ ነው፣ በዝርዝሩ ውስጥ የመጀመሪያው ስለሆነ። ግሎባል የተባለው ከየትኛውም ኢቨንት ውስጥ ስለሚታይ ነው። አንዱ ኢቨንት ይጽፍበታል፣ ሌላው ያነበዋል። ኢቨንቶች በቀጥታ አይነጋገሩም፤ የሚገናኙት በዚህ በኩል ነው።

ሁለተኛ ግሎባል ጨምሩና ቅኝቶች በሉት። ይህኛው ዝርዝር ነው። ከ«ሊስትስ» ውስጥ «ሜክ ኤ ሊስት» የሚለውን አምጡ። ሲመጣ ሁለት ማስገቢያ ብቻ አለው፤ ሰማያዊዋን የማርሽ (ባለጥርስ ጎማ) ምልክት ነክታችሁ አራት አድርጉት። በእያንዳንዱ ማስገቢያ ሌላ ሊስት ግቡበት፣ አምስት አምስት ማስገቢያ ያለው። በውስጣቸው ከላይ ያሉትን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ሙሉ። የመጀመሪያው ሊስት 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፤ ሌሎቹም እንደዚያው። ቅደም ተከተሉ ሊስት ፒከሩ ላይ ከጻፋችሁት ጋር አንድ መሆን አለበት። እዚያ ባቲ ሁለተኛ ከሆነ እዚህም ሁለተኛ ነው።

አሁን ሥራውን የሚሠራውን እንጻፍ። ከ«ፕሮሲጀርስ» ውስጥ የመጀመሪያውን ዓይነት አምጡና ስሙን ቃኝ በሉት። ፕሮሲጀር ማለት ስም የተሰጠው የትእዛዝ ጥቅል ነው፤ አንዴ ትጽፉታላችሁ፣ በፈለጋችሁበት ትጠሩታላችሁ። ሆዱ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የድምፅ1ን «ሶርስ» የሚቀይረውን አረንጓዴ ብሎክ አስገቡ። በቀኙ ከ«ቴክስት» ውስጥ «ጆይን» የሚለውን ግጠሙ፤ ሁለት ነገር ያጣብቃል። ላይኛው ማስገቢያ ቁጥሩ ነው፣ ታችኛው የፋይሉ ማለቂያ፣ ነጥቡን ጨምሮ። ቁጥሩን የምታገኙት «ሰሌክት ሊስት አይተም» የሚለውን ሁለት ጊዜ በመጠቀም ነው። የውስጠኛው ከቅኝቶች ውስጥ አሁን የሚለው ቫሪያብል የያዘውን ተራ ያወጣል፤ ይህ ባለአምስት ቁጥር ሊስት ነው። የውጭኛው ከዚያ ሊስት ውስጥ 1ኛውን ያወጣል። «አሁን» 3 ከሆነ አምባሰል ይወጣል፣ የአምባሰል 1ኛ ደግሞ 0 ነው፤ ስለዚህ ድምፅ1 የ0 ቁጥርን ፋይል ይይዛል።

ይህን ረጅም ብሎክ ኮፒ እያደረጋችሁ ለድምፅ2 2ኛውን፣ ለድምፅ3 3ኛውን፣ እስከ 5 ድረስ ቀይሩ። የሊስት ቆጠራ እዚህ ከ1 ነው የሚጀምረው። ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ከ0 ስለሚጀምሩ ኋላ ስትሻገሩ አስታውሱት።

በመጨረሻ ቃኝ ውስጥ አንድ ተጨማሪ መስመር አስገቡ፦ የምርጫ ጽሑፍ ከራሱ ከምርጫ ዝርዝር ውስጥ «አሁን» በያዘው ተራ ያለው ስም ይሁን። እንዲህ ሲሆን ምርጫ ላይ ሁልጊዜ የወቅቱ ቅኝት ስም ይታያል።

አሁን ኢቨንቱ። ከምርጫ ውስጥ «አፍተር ፒኪንግ» የሚለውን ቢጫ አምጡ። ተጠቃሚው መርጦ ሲጨርስ የሚነሳ ነው። ውስጡ ሁለት ነገር ብቻ፦ አሁንን የምርጫ «ሰሌክሽን ኢንዴክስ» አድርገው፣ ከዚያ ቃኝን ጥራ። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁት ሁልጊዜ በአንድ ምርጫ ወደ ኋላ የቀረ ክራር ይኖራችኋል። ባቲ ስትሉት ትዝታ፣ አምባሰል ስትሉት ባቲ።

ተዘግቶ ሲከፈት

አፑን ስትዘጉት ቫሪያብሉ ይጠፋል። ሁልጊዜ በትዝታ ከሚነሳ የተዋችሁት ቦታ ቢጠብቃችሁ ጥሩ ነው። ታይኒዲቢ ለዚህ ነው የመጣው፤ ስልኩ ውስጥ የሚቀር ትንሽ ማስታወሻ ነው።

አፍተር ፒኪንግ ውስጥ፣ ቃኝ ከተጠራ በኋላ፣ ከታይኒዲቢ «ስቶር ቫልዩ» የሚለውን ጨምሩ። «ታግ» የሚለው መለያ ስሙ ነው፤ ቅኝት ብላችሁ ጻፉ። የሚቀመጠው «አሁን» የሚለው ቫሪያብል ነው። ከዚያ ስክሪኑ ራሱ «ኢኒሻላይዝ» የሚል ኢቨንት አለው፤ አፑ ሲከፈት ይነሳል። እዚያ ውስጥ አሁንን ከታይኒዲቢ «ጌት ቫልዩ» ከሚያመጣው ጋር እኩል አድርጉ፣ ቀጥሎ ቃኝን ጥሩ።

ጌት ቫልዩ ላይ «ታጉ ከሌለስ?» የሚል ሁለተኛ ማስገቢያ አለ። 1 ስጡት። ባዶ ከተዋችሁት በእናንተ ስልክ ላይ ችግር ላይታይ ይችላል፣ ምክንያቱም እናንተ ቅኝት መርጣችሁ ታውቃላችሁ። አፑን የላካችሁለት ሰው ግን ገና ሲከፍተው ስህተት ይወጣበታል። አዲስ ተጠቃሚ ምንም የተቀመጠ ነገር የለውም።

ታግ ላይ በአማርኛ ስትጽፉ ፊደል ጠብቁ። ለኛ ድምፅ እና ድምጽ አንድ ነው፤ ለስልኩ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በፀሐዩ ፀ አስቀምጣችሁ በጸሎቱ ጸ ብትፈልጉት የለም ይላችኋል።

በጆሮ መፈተሽ

እዚህ ነው ክራሩ ከሁሉም ምሳሌ የሚበልጠው። አምባሰልን ምረጡና አምስቱንም ክር በተራ ንኩ። ከዚያ ወደ አንቺሆዬ ቀይሩና ድገሙ። ቁጥሮቹን ከላይ ብታዩ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ክሮች በሁለቱም አንድ ናቸው። መለየት ያለባቸው 4ኛውና 5ኛው ብቻ ናቸው። 2ኛው ክር ከተቀየረ ቁጥር ስታስገቡ አንድ ቦታ ስታችኋል። ምንም ካልተቀየረ ቃኝ አልተጠራም። ከትዝታ ወደ ባቲ ስትሄዱ ደግሞ 1ኛውና 4ኛው ባሉበት ይቆያሉ።

አንድ ክር ጨርሶ ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፋይል ስም ነው። ለማረጋገጥ ስልኩ እንደተገናኘ ጆይን የሚለውን ብሎክ ራይት ክሊክ አድርጉና «ዱ ኢት» በሉት። በዚያች ቅጽበት ብሎኩ የሚሰጠውን ውጤት ጽፎ ያሳያችኋል። የሚጠራው የፋይል ስም ከጫናችሁት ጋር በፊደል በፊደል ይመሳሰላል? ነጥቡ አለ? ጀማሪ ሆኖ ዱ ኢትን የሚጠቀም ጥቂት ነው፤ የቀረው ሰው ብሎክ እያፈረሰ ይገነባል።

ከታች በግራ ጥግ ቢጫና ቀይ ምልክት ከነቁጥራቸው አሉ። ቢጫው ያልተሞላ ማስገቢያ ወይም የትም ያልገባ ብሎክ ነው። ቀዩ ሳይስተካከል ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ለሰው መላክ

«ቢልድ» ከሚለው ሥር የአንድሮይድ አፕን ምረጡ። ትንሽ ቆይቶ ኪውአር ኮድና የማውረጃ ቦታ ይሰጣችኋል። የወረደውን ፋይል በቴሌግራም ላኩ። የተቀባዩ ስልክ «ከማላውቀው ቦታ የመጣ ነው» ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ቫይረስ ላካችሁብኝ እንዳይላችሁ። ይህ ፋይል የሚጫነው ነው። ኤክስፖርት ያደረጋችሁት ደግሞ ሌላ ነው፤ ብሎኮቹን መልሶ የሚከፍተው እሱ ስለሆነ ሁለቱን አታምታቱ።

ከዚህ ወዲያ

ሲጥማችሁ የትዝታ ማይነርን ጨምሩ፤ 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8 ነው። የባቲው ማይነር 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10። ሁለት አዲስ ድምፅ ትቀዳላችሁ፣ ሁለት ሊስት ትጨምራላችሁ፣ ምርጫ ላይ ሁለት ስም ትጽፋላችሁ። ቃኝን አትነኩትም፣ ክሮቹንም አትነኳቸውም። ብሎክ መቀየር ግድ ከሆነባችሁ ከላይ ያለው አንድ ነገር ቦታውን ስቷል ማለት ነው። ባለስድስት ክር ክራር ለሚፈልግ ስድስተኛው የመጀመሪያው ክር በከፍተኛ ዶ ነው፣ 12 ቁጥር።

ከዚህ ወደ ጽሑፍ ኮድ መሻገር የሚፈልግ ቪዥዋል ቤዚክን ወይም ሲ ሻርፕን ይክፈት። ቪዥዋል ቤዚክ እ.ኤ.አ. በ1991 ከማይክሮሶፍት የወጣ ነው፤ በተን ጎትቶ ፎርም (የፕሮግራሙ መስኮት) ላይ ማስቀመጥን ብዙ ሰው የለመደው በእሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ «ኢቨንት ድሪቨን ፕሮግራሚንግ» የሚል ኮርስ ቢደርሳችሁ የሚያስተምሯችሁ ይህንኑ ነው። ፎርሙ ላይ በተኑን ደብል ክሊክ ስታደርጉ ለክሊክ ኢቨንቱ ባዶ ቤት ራሱ ጽፎ ይሰጣችኋል፤ ቢጫው ብሎክ እሱ ነው። እዚያም ክሊክ ጣት ሲነሳ ነው የሚሠራው። ማውዙ ሲጫን የሚነሳው «ማውዝ ዳውን» ይባላል፣ እሱን ከኢቨንቶቹ ዝርዝር ውስጥ ራሳችሁ መምረጥ አለባችሁ።